ንግሥት ሰጥቶ በሰባት እርምጃ ማሸነፍ፦ የሌጋል ወጥመድ መቼ ይሠራል? መቼስ ገደል ይከታል?

ጥያቄ፦ ሰላም አሰልጣኝ። ስልኬ ላይ ቼዝ መጫወት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። በቀደም ጥቁር ይዤ ቢሾፔ የባላጋራዬን ፈረስ ከንግሥቱ ፊት አስሮት ነበር። ሰውዬው ግን ፈረሱን አንስቶ ወታደሬን በላና ንግሥቱን ጥሎልኝ ሄደ። ደስ ብሎኝ በላኋት። ወዲያው ቼክ አለኝ፣ ከዚያ ቼክሜት! በማግስቱ እኔም ነጭ ይዤ ያንኑ ነገር ሞከርኩ። ንግሥቴ ተበላች፣ ቼክሜቱ ግን አልመጣም፤ ተሸነፍኩ። ይሄ ነገር ስም አለው ወይ? ማን አመጣው? ለእሱ ሠርቶ ለእኔ ለምን እምቢ አለ? የሁለቱንም ጨዋታ እርምጃዎች ልኬልዎታለሁ፤ ቢያዩልኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ጨዋታ መላክህ ጥሩ ነው። አንዱን ብቻ ብትልክልኝ ኖሮ መልሴ ግማሽ ይሆን ነበር። ስም አለው፤ የሌጋል ማት (ማት ማለት ቼክሜት ነው) ወይም የሌጋል ወጥመድ ይባላል። ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም በየቀኑ ሰው ይጥላል። አንተ ጋ እምቢ ያለበት ምክንያት ደግሞ የአንድ ፈረስ ጉዳይ ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የተሸነፍክበትን ጨዋታ እንይ። ሰሌዳ ካለህ አውጣና ጠጠሮቹን እያንቀሳቀስክ አንብብ። ኢ4 ሲባል ፊደሉ ዓምዱ ነው፣ ከነጭ በግራ በኩል ከኤ እስከ ኤች፤ ቁጥሩ ደግሞ ከነጭ በኩል የሚቆጠረው ረድፍ ነው። በዓይን ብቻ ከተነበበ ይረሳል።

ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 ገፋ፣ አንተ ወደ ኢ5። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አወጣ፤ አንተ ኢ5ን ለመደገፍ ወታደርህን ዲ6 ላይ አደረግህ። ነጭ ቢሾፑን ሲ4 ላይ አወጣ። አንተ ቢሾፕህን ጂ4 ላይ አቆምክ፤ የኤፍ3ን ፈረስ ያሰርከው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሁለተኛውን ፈረስ ሲ3 ላይ አወጣ። በአራተኛው እርምጃ አንተ የጂ ወታደርህን ወደ ጂ6 ገፋህ። ቢሾፕህን በዚያ በኩል ለማውጣት አስበህ መሆን አለበት።

አምስተኛው እርምጃ ላይ የነጭ ፈረስ ከኤፍ3 ተነስቶ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደርህን በላ። ከኋላው ንግሥቲቱ ዲ1 ላይ ባዶዋን ቀረች። አንተ በላሃት። ስድስተኛ፣ የነጭ ቢሾፕ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ ቼክ አለህ። ንጉሥህ ኢ7 ላይ ከመውጣት ሌላ መሄጃ የለውም። ሰባተኛ፣ የሲ3 ፈረስ ዘሎ ዲ5 ላይ አረፈ። አለቀ።

እስቲ ይህችን የመጨረሻ ቦታ ረጋ ብለህ እያት፤ እኔ እስካሁን ባየኋት ቁጥር ደስ ትለኛለች። ንጉሡ ኢ7 ላይ ነው። ወደ ኢ8 ይመለስ? የኤፍ7 ቢሾፕ ይጠብቃል። ወደ ኢ6? እሱንም ያው ቢሾፕ ይዞታል። ቢሾፑን ራሱን ይብላው? ኢ5 ላይ ያለው ፈረስ ደግፎታል። ወደ ዲ7? እዚያም ያው የኢ5 ፈረስ አለ። ወደ ኤፍ6? ቼክ ያለው የዲ5 ፈረስ ይዞታል። የቀሩትን ቤቶች ማን ዘጋቸው? የራሱ የጥቁር ጠጠሮች። ንግሥቱ ዲ8 ላይ፣ ቢሾፑ ኤፍ8 ላይ፣ ወታደሩ ዲ6 ላይ። ሁለት ፈረስና አንድ ቢሾፕ ንግሥት የሌለውን ጦር ይዘው ንጉሥ ማረኩ። ንግሥትህን ዞር ብለህ ብታያት ከቦታዋ እንኳን አልተነሳችም።

እንግዲህ ወጥመዱ የቆመው በአንድ የተሳሳተ እምነት ላይ ነው። አንተ ፈረሱ ታስሯል ብለህ አስበሃል። ግን ማሰር ሁለት ዓይነት ነው። ከኋላው ንጉሥ ያለ ጠጠር በሕግ የታሰረ ነው፤ ባለቤቱ ቢፈልግ እንኳ አይነሳም። ከኋላው ንግሥት ያለች ከሆነ ግን የሚከለክል ሕግ የለም። የሚከለክለው የዋጋ ስሌት ብቻ ነው። ያ ስሌት ደግሞ አንዳንዴ ይገለበጣል። ጂ4 ላይ ያለ ቢሾፕ ማንንም እንዳሰረ ከመተማመንህ በፊት «ፈረሱ ቢነሳስ ምን ይመጣል?» ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሌጋል ሙሉ ስሙ ፍራንሷ አንትዋን ደ ሌጋል ደ ኬርሜር ነው። በ1702 ተወልዶ በ1792 ሞተ። ከፈረንሳይ ምዕራብ፣ ከብሪታኒ ምድር የመጣ መኳንንት ነው። ዕድሜውን የገፋው ግን ፓሪስ፣ ፓሌ ሮያል አካባቢ በነበረው ካፌ ደ ላ ሬዣንስ ውስጥ ቼዝ እየተጫወተ ነው። ያ ካፌ በዘመኑ የአውሮፓ ቼዝ ዋና ከተማ ነበር ማለት ይቻላል። የከተማው ብርቱ ተጫዋቾች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ጸሐፊና ፈላስፋውም እዚያ ነው። ፈላስፋው ዲደሮ ደንበኛ ነበር፤ ሌጋልንም በስሙ ጠቅሶ ጽፎለታል። ኋላ ናፖሊዮንም እዚያው ቼዝ ተጫውቷል።

ሌጋል የዚያ ቤት አውራ ነበር። የፊሊዶር አስተማሪም እሱ ነው። ፊሊዶር ማለት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚባለው፣ በዚያ ላይ የታወቀ የኦፔራ ሙዚቃ ደራሲ የነበረው ሰው ነው። በልጅነቱ ሌጋል አንድ ካስል እየለቀቀለት ያጫውተው ነበር። ካስል መልቀቅ ማለት ጠንካራው ተጫዋች አንዱን ካስል ከሰሌዳው አውጥቶ መጀመር ነው፤ ያኔ የተለመደ ነገር ነበር። በ1755 ግን ተማሪው መምህሩን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የዙፋኑ ነገር አላከራከረም።

ወጥመዱ የመጣበት ጨዋታ ሌጋል ሴንት ብሪ ከተባለ ተጫዋች ጋር ያደረገው ነው፤ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 1750 ፓሪስ ብለው ያስቀምጡታል። ሌጋል እዚህም ካስል ለቆ እንደተጫወተ ይነገራል። ስለዚህ ንግሥቱን ሲሰጥ ጦሩ ከመጀመሪያውም ጎደሎ ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ የሚወራ፣ የቼዝ ሰዎች የሚወዱት አንድ ነገር አለ። ሌጋል መጀመሪያ የኤፍ3ን ፈረስ ነካው፤ ከዚያ እንደደነገጠ ሰው እጁን ሰበሰበ። ፈረሱ መታሰሩ ገና አሁን የታየው መሰለ። ሴንት ብሪ ወዲያው ሕጉን አስታወሰው፤ የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ አለው። ሌጋልም ፈረሱን አንስቶ ኢ5ን በላ። ሴንት ብሪ ንግሥቲቱን ለማንሳት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበም ይባላል። እውነት ይሁን የካፌ ወሬ፣ ስለ ሰው ባሕርይ የሚለው ልክ ነው። ባላጋራህ እንደተሳሳተ ካመንክ መቁጠር ታቆማለህ። አንተም «ደስ ብሎኝ በላኋት» ብለህ ጽፈሃል።

አንድ የምወደው ግጥጥም ልጨምር። ጥቁር በሁለተኛው እርምጃ ወታደሩን ዲ6 ላይ ማድረጉ ዛሬ የፊሊዶር መከላከያ ይባላል። እና የዚያ አከፋፈት (የጨዋታ አጀማመር) ዝነኛው ወጥመድ የፊሊዶር መምህር ስም ነው ያለበት።

ወጥመዱ የዘመናዊ ቼዝ ልጅ መሆኑንም ልብ በል። በጥንቱ ጨዋታ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር አይችልም ነበር። የእኛን የጥንቱን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ውሰድ። የንግሥቲቱን ቦታ የያዘው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። እሱን መስዋዕት ማድረግ ማንንም አያስደነግጥም። ቢሾፕም በረጅሙ አይተኩስም፤ ከሲ4 ኤፍ7 አይደርስም። ንግሥቲቱና ቢሾፑ የዛሬውን ጉልበት ያገኙት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ሕጉ ሲቀየር ነው። ሌጋል የተጠቀመበት ያንን አዲስ ፍጥነት ነው፤ ሴንት ብሪን የያዘውም ንግሥቲቱ ያገኘችው አዲስ ዋጋ ነው።

ጀርመኖች ደግሞ የባሕር ኃይል ካዴት ማት ይሉታል። በ1876 ቪየና ላይ በዚህ ስም አንድ ኦፔሬታ (ቀለል ያለ የሙዚቃ ድራማ) ታይቶ ነበር። በውስጡ ሰዎች እንደ ቼዝ ጠጠር ሆነው መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው የሚያልቀው በዚህ ማት ነው። የኦፔሬታው ስም ለማቱ ተሰጥቶ ቀረ።

እሺ፣ ወደ አንተ ሁለተኛ ጨዋታ። የላክልኝን አየሁት። እስከ አራተኛው የነጭ እርምጃ ድረስ ሁሉም ያው ነው። ባላጋራህ ግን በጂ6 ፋንታ ፈረሱን ኤፍ6 ላይ አወጣ። አንተ ይህን ሳታይ ኢ5ን በላህ። እሱ ንግሥትህን በላ፣ አንተ ኤፍ7 ላይ ቼክ አልክ፣ ንጉሡ ኢ7 ወጣ፣ ፈረስህ ዲ5 ላይ ዘለለ። ከኤፍ6 የተነሳ ፈረስ በላው። ማት የለም፤ ንግሥት የለም።

ያ የኤፍ6 ፈረስ የሠራው አንድ ሥራ ብቻ አይደለም። ባላጋራህ ንግሥትህን ባይበላ እንኳ፣ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስህን በዲ6 ወታደሩ ቢበላው ኖሮ፣ አንተ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ በንግሥትህ መልሰህ መብላት አትችልም ነበር። ለምን? ያው ፈረስ ጂ4ንም ይጠብቃል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ጠፍተሃል። የአንተ ስህተት እርምጃዎቹን መሸምደድህ ነው። መሸምደድ የነበረብህ ጥያቄዎቹን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ንግሥቲቱ ባትበላስ? ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ወጥመዱ ጤነኛ የሚሆነው ግን እዚህ ላይ ነው። በጂ6ቱ ጨዋታ አንተ ንግሥቲቱን ትተህ የኢ5ን ፈረስ በዲ6 ወታደር ብትበላ ነጭ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕህን በንግሥቱ ይበላል። ፈረስ በቢሾፕ ተለዋወጡ፤ ነጭ ቀድሞ የበላው አንድ ወታደር ትርፉ ሆነ። ስለዚህ ነጭ እዚያ ቦታ ላይ ቁማር አልተጫወተም። ባላጋራው ቢነቃም ባይነቃም አትራፊ ነው። ጂ4 ላይ ያለው ቢሾፕ በሌላ ጠጠር የተደገፈ ከሆነ ግን ይህ ትርፍ ይጠፋል፤ ያኔ ነገሩ ልመና ነው።

ሁለተኛው፦ ኢ5 ላይ የሚመልስ ፈረስ አለ ወይ? የጥቁር ፈረስ ሲ6 ላይ ከሆነ ወጥመዱ በቀጥታ አይሠራም። ኢ5 ላይ ስትበላ በፈረሱ ይመልሳል፤ ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጂ4ን ይጠብቃል። አንተ ፈረስ ሰጥተህ አንድ ወታደር ብቻ አገኘህ። የሚገርመው የሌጋል ጨዋታ በአንዳንድ መጻሕፍት የተመዘገበው የጥቁር ፈረስ ሲ6 ላይ ሆኖ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሴንት ብሪ ንግሥቲቱን ባይነካ ያሸንፍ ነበር ማለት ነው።

ለዚህኛው ቦታ መድኃኒቱ አንድ ትንሽ እርምጃ ናት፤ ለእኔ ከመስዋዕቱም በላይ የምታምረው እሷ ናት። የጥቁር ፈረስ ሲ6 ላይ፣ ቢሾፑ ጂ4 ላይ ሲሆን አትቸኩል። መጀመሪያ የኤች ወታደርህን ወደ ኤች3 ገፍተህ ቢሾፑን ጠይቀው። ማሰሩን ላለመልቀቅ ወደ ኤች5 ካፈገፈገ፣ አሁን ኢ5ን ብላ። ንግሥቲቱን ከበላ ያው ማት ነው፤ ሲ6 ላይ ያለው ፈረስ አያድነውም። ኢ5 ላይ በፈረስ ቢመልስስ? የኢ5 ፈረስ ጂ4ን ይጠብቅ ነበር፤ ኤች5ን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ንግሥትህ ቢሾፑን ኤች5 ላይ ትበላለች። ጥቁር በፈረሱ የሲ4 ቢሾፕህን ይበላል። አንተ ንግሥትህን ቢ5 ላይ አድርገህ ቼክ ትልና ያንን ፈረስ ሲ4 ላይ ትለቅመዋለህ። ቁጠረው፤ አንድ ወታደር ትርፍ አለህ። ቢሾፑን አንድ ቤት ወደ ኋላ መግፋት ጠቅላላውን ስሌት ቀየረው።

ይህን መንገድ አንድሬ ሼሮን የተባለ ፈረንሳዊ በ1929 ስዊዘርላንድ፣ ሌዘን ላይ ተጠቅሞ በስምንት እርምጃ አሸንፎበታል። ሼሮን ሦስት ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። የጀማሪ ማታለያ ብቻ ነው ለሚሉህ ይህን ንገራቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ መረቡ ይዘጋል ወይ? ዲ5 ላይ የሚያርፈውን ፈረስ የሚበላ አለ? የአንተ ጨዋታ የወደቀው እዚህ ነው። ንጉሡስ ሌላ መውጫ አለው? የጥቁር ቢሾፕ ኤፍ8ን ለቆ ኢ7 ላይ ከወጣ፣ ኤፍ7 ላይ ቼክ ስትለው ንጉሡ ኤፍ8 ይገባና ይተነፍሳል። ማት የለም፤ ንግሥትህ ግን ሄዳለች። በአንጻሩ ጥቁር ኢ7 ላይ ያደረገው ቢሾፑን ሳይሆን ፈረሱን ከሆነ፣ ንግሥቲቱን እንደበላ ኤፍ7 ላይ ቢሾፕህ ሲገባ እዚያው ማት ነው። ሁለተኛ ፈረስ አያስፈልግህም፤ ኢ7ን የራሱ ፈረስ ዘግቶበታል። ሰሌዳ ላይ አድርገህ እየው፤ ቆንጆ ነው።

ይህ ሐሳብ በሌላ አከፋፈትም አለ። የንግሥቲቱ ጋምቢት በሚባለው አከፋፈት ውስጥ የዝሆን ወጥመድ የሚባለውን ጥቁር ነው የሚያጠምደው። ነጭ በቢሾፑ ጂ5 ላይ ሆኖ የኤፍ6ን ፈረስ ከንግሥቲቱ ፊት ያስራል። ዲ5 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ ያጣ ይመስለዋል፤ በሲ3 ፈረሱ ይበላዋል። ታሰረ የተባለው ፈረስ ተነስቶ ይመልሳል። ነጭ ንግሥቲቱን ሲበላ የጥቁር ቢሾፕ ቢ4 ላይ ወጥቶ ቼክ ይላል፤ ነጭ የራሱን ንግሥት ዲ2 ላይ ከመደቀን ሌላ ምርጫ የለውም። አቧራው ሲሰክን ጥቁር በአንድ ወታደር አንድ ፈረስ አትርፏል። በጽሑፍ የታወቀው የመጀመሪያው ጨዋታ በ1848 በርሊን ላይ ካርል ማየት ከዳንኤል ሃርቪትስ ጋር ያደረገው ነው። እዚህ ንጉሥ አይሞትም፤ የተሸወደው ግን በዚያው እምነት ነው።

አሁን ጥቁር ስትይዝ ምን ታድርግ? ቢሾፕህን በሦስተኛው እርምጃ ጂ4 ላይ ማውጣት ወንጀል አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ የማይሠራ እርምጃ አታባክን። ጂ6፣ ኤች6፣ ኤ6 ሁሉም እዚያ ቦታ ላይ አንድ ናቸው፤ ጂ4ንም ዲ5ንም አይጠብቁም። ፈረስህን ኤፍ6 ላይ አውጣ፤ ባላጋራህ አንተን እንዳስተማረህ ማለት ነው። ፈረስህ ሲ6 ላይ ሆኖ ነጭ ኤች3 ገፍቶ ቢሾፕህን ከጠየቀህም ወደ ኤች5 አትሂድ። የኤፍ3ን ፈረስ ብላለት። በንግሥቱ መልሶ ኤፍ7 ላይ ያፈጥብሃል፤ ፈረስህን ኤፍ6 ላይ አውጥተህ ዝጋው። ነጭ ሁለት ቢሾፕ ስላለው ትንሽ ይሻላል፤ ጨዋታው ግን ገና ነው።

ወጥመዱ ውስጥ ከገባህም ገና አላለቀልህም። ፈረሱ ኢ5ን በልቶ ንግሥቲቱ ባዶዋን ስትቆም እጅህን ሰብስብ። ጂ6 በገፋህበት ጨዋታ ላይ ትክክለኛው መልስ በዲ6 ወታደርህ ፈረሱን መብላት ነበር። ቢሾፕህን ይበላል፤ አንድ ወታደር ጎድሎህ ትቀጥላለህ። በአንተ ደረጃ አንድ ወታደር ጎድሎበት ያሸነፈ ብዙ ነው። ቀጥሎ ፈረስህን ኤፍ6 ላይ አውጣ፤ ጂ4 ላይ ያለችው ንግሥቱ ትጠቃለች፤ መሸሽ አለባት። አንተም አንድ እርምጃ በነፃ አገኘህ።